ኤች አይ ቪ፣ የጉበት ስብ እና እንቅልፍ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ለሚወስዱ የወሎ ነዋሪዎችና ለቤተሰቦቻቸው የተዘጋጀ ነው። ዛሬ ከቆቦ እስከ ከሚሴ፣ ከደሴ እስከ መካነ ሰላም መድኃኒቱን ሳያቋርጥ የሚወስድ ሰው ቫይረሱን አዳክሞ ረጅም ዕድሜ መኖር ይችላል። ጉበቱ፣ ክብደቱና እንቅልፉ ግን በቀጠሮ ቀን ብዙ ጊዜ ሳይነሱ ያልፋሉ፤ ቀጠሮው በ6 ወር አንዴ ሲሆን ደግሞ ይበልጥ ይረሳሉ። ሦስቱን አንድ ላይ ያነሣነው አንዱ ሌላውን ስለሚጎዳ፣ አንዱ ሲሻሻልም ሌላው አብሮ ስለሚሻሻል ነው።

ጉበትሽ ላይ ስብ አለ ተባልኩ። ምን ማለት ነው?

ከጉበት ሴሎች ከ5 በመቶ በላይ የሚሆኑት ስብ ሲያጠራቅሙ የጉበት ስብ ወይም ሐኪሞች እንደሚሉት ፋቲ ሊቨር ይባላል። ስቡ ብቻውን ሲሆን ሊመለስ ይችላል። በአንዳንድ ሰው ላይ ግን ጉበቱ ይቆጣል፤ ቁጣው ዓመታት ሲቆይ ጠባሳ ይፈጥራል፤ ጠባሳው ሲበዛ ጉበቱ ይጠጥርና ሲሮሲስ ይሆናል። ስለዚህ ስብ መኖሩ ከተነገረዎ በኋላ ሐኪሙን አስቀድመው መጠየቅ ያለብዎ ጠባሳ መጀመር አለመጀመሩን ነው።

አብዛኛው ሰው ምንም አይሰማውም። የሚሰማው ካለ ድካምና በቀኝ ጎን፣ ከጎድን አጥንት በታች የመክበድ ስሜት ነው። አልትራሳውንድ ስቡን በደንብ የሚያሳየው ከ20 እስከ 30 በመቶ ሲያልፍ ስለሆነ «ደህና ነው» የሚል ውጤት ትንሽ ስብ የለም ማለት አይደለም።

አልጠጣም፣ ወፍራምም አይደለሁም። እንዴት መጣብኝ?

ቫይረሱ በደማቸው ባለ ሰዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ሲደመሩ ከ3 ሰዎች በ1ዱ ገደማ ላይ የጉበት ስብ ይገኛል። ቀጫጭን ሰዎችም አሉበት። ምክንያቱ ብዙ ነው። ቫይረሱ ራሱ፣ ተዳክሞም ቢሆን፣ በሰውነት ውስጥ ዝቅ ያለ ቁጣ ይተዋል። ነጻ ሕክምናው በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር በነበሩት ዓመታት ስታቩዲን ወይም ዚዶቩዲን ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው፣ መድኃኒቶቹ የሴሎችን ኃይል ማመንጫ ስለሚጎዱ ስብ ከፊቱና ከእጅ እግሩ ጠፍቶ ሆዱና ጉበቱ ላይ ሊከማች ይችላል። ዛሬ በስፋት የሚሰጠው ዶሉቴግራቪር ያለበት ጥምር ደግሞ በአንዳንድ ሰዎች፣ በተለይም በሴቶች፣ ክብደት ይጨምራል። የስኳር በሽታ፣ የደም ግፊትና በደም ውስጥ ከፍ ያለ ስብ (ትራይግሊሰራይድ) ካሉ አደጋው ይጨምራል።

በሜትር ወገብዎን በእምብርት ዙሪያ ይለኩ። ለሴት ከ80፣ ለወንድ ከ94 ሴንቲ ሜትር በላይ ከሆነ ሚዛኑ ምንም ቢል ጉበትዎን ያስመርምሩ።

በዚህ ምክንያት መድኃኒት ማቆም ወይም መቀነስ ፈጽሞ አይገባም። ቫይረሱ ሲያገረሽ ጉበትንም ይጎዳል።

ጠባሳ መጀመሩን በየትኛው ምርመራ ማወቅ ይቻላል?

በአብዛኛው ሆስፒታል በሚሠራ የደም ምርመራ መጀመር ይቻላል። ኤኤስቲ እና ኤኤልቲ (ጉበት ሲጎዳ ደም ውስጥ ከፍ የሚሉ ኢንዛይሞች) እንዲሁም ፕላትሌት (ደም እንዲረጋ የሚያደርጉ ሴሎች ቁጥር) ያስፈልጋሉ። የቆዩ ወረቀቶች ላይ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ኤስጂኦቲ እና ኤስጂፒቲ ተብለው ይጻፋሉ። ከነዚህና ከዕድሜዎ ፊብ-4 የሚባል ቁጥር ይወጣል፦ ዕድሜን በኤኤስቲ ያባዙ፤ ፕላትሌቱን በሺህ ቆጥረው በኤኤልቲ ስኩዌር ሩት ያባዙ፤ የመጀመሪያውን ለሁለተኛው ያካፍሉ።

ለምሳሌ የ48 ዓመት ሰው ኤኤስቲ 52፣ ኤኤልቲ 64፣ ፕላትሌት 210 ሺህ ቢሆን፦ 48 ሲባዛ በ52፣ 2496 ይሆናል። የ64 ስኩዌር ሩት 8 ነው፤ 210 ሲባዛ በ8፣ 1680። ሲካፈል 1.49 ገደማ ይመጣል።

ከ1.3 በታች ከሆነ ከባድ ጠባሳ የመኖሩ ዕድል ትንሽ ነው፤ ከ1 እስከ 3 ዓመት ባለው ጊዜ ይደገማል፤ ስኳር ያለበት ሰው ግን ቶሎ ቢደግመው ይሻላል። ከ2.67 በላይ ከሆነ ወደ ውስጥ ደዌ ስፔሻሊስት መላክ ያስፈልጋል። በመካከል ያለው፣ እንደ ምሳሌያችን ያለው፣ ተጨማሪ ምርመራ ይፈልጋል፤ የጉበትን ጥንካሬ የሚለካው ፋይብሮስካን አዲስ አበባ ውስጥ ይገኛል። ዕድሜው ከ65 በላይ ለሆነ ሰው የታችኛው መነሻ ከ1.3 ወደ 2.0 ይወጣል። ከ35 ዓመት በታች ላለ ሰው ቁጥሩ አያስተማምንም።

ብዙ ጊዜ የሚያሳስቱ ነገሮች አሉ። ወባ ይዞዎት እያለ ወይም ብዙ በጠጡ ማግስት የተወሰደ ደም ኤኤስቲን ከፍ ያደርጋል፤ በቆቦና በቃሉ ቆላማ ቀበሌዎች ይህ ትልቅ ጉዳይ ነው፤ ድነው ከከረሙ በኋላ ይመርመሩ። ኤች አይ ቪ ራሱም ፕላትሌት ሊቀንስ ስለሚችል ቁጥሩ ከፍ ቢል ጠባሳ አለ ማለት ብቻ አይደለም። ደሴና ወልድያ ያሉት ስፔሻላይዝድ ሆስፒታሎች በሪፈር ይቀበላሉ፤ ሲሄዱ የቆዩ የላቦራቶሪ ወረቀቶችዎን በሙሉ ይያዙ።

ሄፓታይተስ ቢ ተመርምሬ አላውቅም። ያስፈልጋል?

አዎ፣ አንድ ጊዜ እንኳ። የሄፓታይተስ ሲ ምርመራም አብሮ ይሁን። በፀረ ኤች አይ ቪ ጥምር ውስጥ ያሉት ቴኖፎቪርና ላሚቩዲን ሄፓታይተስ ቢን ጭምር ያክማሉ። ሄፓታይተስ ቢ ያለበት ሰው መድኃኒቱን ቢያቋርጥ ጉበቱ በድንገት ክፉኛ ሊቆጣ ይችላል። መድኃኒት ሲቀየርም ቴኖፎቪር እንዳይወጣ ለሐኪሙ ማስታወስ ይገባል። ውጤቱ ነጻ ከሆነ ክትባቱን ይጠይቁ።

እንቅልፍ ከጉበት ጋር ምን አገናኘው?

ጥቂት ሌሊት እንኳ በደንብ ያልተኛ ሰው ሰውነቱ ኢንሱሊንን በትክክል አይጠቀምም፤ የረሃብ ሆርሞን ይጨምራል፣ የጥጋብ ሆርሞን ይቀንሳል። በማግስቱ ጣፋጭና ቅባት ያምረዋል፤ ደክሞት ስለሚውል አይንቀሳቀስም። ይህ ወራት ሲቆይ ስቡ ጉበት ላይ ይቀመጣል። የተጎዳ ጉበት ደግሞ በበኩሉ ድካም፣ ማሳከክና የተቆራረጠ እንቅልፍ ያመጣል። በሌሊት አለመተኛትን እንደ ትንሽ ችግር ማየት በእኛ እምነት ትልቅ ስሕተት ነው፤ በፀረ ኤች አይ ቪ ሕክምና (ኤአርቲ) ክፍል እንደ ክብደትና በደም ውስጥ እንዳለው የቫይረስ መጠን (ቫይራል ሎድ) ሊጠየቅ የሚገባው ነገር ነው። ካልተጠየቁ ራስዎ ያንሡት። ለአዋቂ ሰው ቢያንስ 7 ሰዓት ይመከራል።

እንቅልፍ የሚነሳኝ መድኃኒቱ ይሆን?

ሊሆን ይችላል። ኤፋቪሬንዝ ቅዠት፣ ማዞርና ግልጽ የሆነ ሕልም ያመጣል፤ ለአብዛኛው ሰው ከ2 እስከ 4 ሳምንት ውስጥ ይቀንሳል። በባዶ ሆድ፣ ሊተኙ ሲሉ መውሰድ ይረዳል፤ ቅባት ከበዛበት ራት በኋላ ሲወሰድ መድኃኒቱ ደም ውስጥ ከፍ ይልና ቅዠቱ ይብሳል። ከ4 ሳምንት በኋላም ካልተወ፣ መድኃኒቱ ሊቀየር ስለሚችል ዝም ብለው አይቻሉት።

ዶሉቴግራቪር በተቃራኒው አንዳንዱን ሰው ነቅቶ እንዲያድር ያደርጋል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ወደ ጠዋት ማዞር። እስካሁን ከምሽቱ 2 ሰዓት የሚወስዱ ከሆነ በማግስቱ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ይውሰዱና በዚያው ይቀጥሉ። ሰዓቱን ሲቀይሩ ክፍተቱ መጥበብ እንጂ መስፋት የለበትም። ከመቀየርዎ በፊት ለኤአርቲ ነርሷ ይንገሩ። ጠዋት ቤቱ ሰው ስለሚበዛበትና ምስጢርዎ እንዳይወጣ ስለሚሰጉ ማታን የመረጡ ከሆነ ይህንንም ይንገሯት፤ ምቹ ሰዓትና አያያዝ ተፈልጎ ይገኛል።

አንድ ነገር ግን መለየት አለበት። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ የደረሰባቸውን በሕልማቸው ደጋግመው የሚያዩ፣ በድምፅ የሚበረግጉ፣ ስለዚያ ጊዜ ማውራት የሚሸሹ ሰዎች ዛሬም አሉ። ይህ የመድኃኒት ቅዠት አይደለም፤ ሰዓት በመቀየርም አይለቅም። የአእምሮ ጤና ባለሙያ ዘንድ የሚታከም ነው።

ሌሊት ላብ የሚያጠምቅዎ፣ ሳይፈልጉ ክብደት የሚቀንሱ፣ የሚያስልዎ ወይም የሚያተኩስዎ ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ እንቅልፍ ላይሆን ስለሚችል ለቲቢ ወዲያው ይመርመሩ።

ቡና ማቆም አለብኝ?

የለብዎትም። ቡና የሚጠጡ ሰዎች ጉበት ላይ ጠባሳ አነስ ብሎ ይገኛል፤ በቀን 2 ወይም 3 ሲኒ መልካም ነው። ችግሩ ሰዓቱና ስኳሩ ነው። ካፌይን ከደም ውስጥ ግማሹ ለመውጣት 5 ሰዓት ያህል ይፈልጋል። ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ አቦልን ጠጥቶ ከምሽቱ 4 ሰዓት ለመተኛት የሚሞክር ሰው ግማሹ ገና በደሙ አለ። ስለዚህ የመጨረሻዋን ሲኒ ከቀኑ 7 ሰዓት በፊት ያድርጓት። ጎረቤት ማታ ሲጠራዎ መቅረት ነውር ስለሚሆን ይሂዱ፤ በረካዋን ትንሽ ቅምስ አድርገው ቡና ቁርሱን ይብሉ፣ ጨዋታውን ይጨዋወቱ። በጨው የሚጠጡ ከሆነ የደም ግፊትዎን ይለኩ።

ጫትስ?

ጫት ከቡና ይከብዳል። በውስጡ ያለው ካቲኖን አእምሮን የሚያነቃ ነው፤ ከሰዓት በኋላ የተቃመ ጫት እንቅልፍን እስከ እኩለ ሌሊትና ከዚያም በኋላ ያርቃል። አብሮት የሚገባው ስኳር የበዛበት ሻይና ለስላሳ ለጉበት ስብ ቀጥተኛ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ በምሥራቅ ኢትዮጵያ የተሠራ ጥናት ጫት መቃምን ከሥር የሰደደ የጉበት በሽታ ጋር አያይዞታል። በዱአና በወዳጃ ላይ ጫት የክብር ቦታ እንዳለው እናውቃለን፤ ጉበቱ የተነካ ሰው ግን ዱአውን ተቀምጦ ጫቱን ቢተው ማንም ሊቀየመው አይገባም። መተው ያቃተው መጠኑን በየሳምንቱ ይቀንስ፣ ከቀትር በኋላም አይቃም። የመድኃኒት ሰዓት የሚረሳው ብዙ ጊዜ በምርቃና ስለሆነ ማንቂያ ደወል ይሙሉ።

አልጋ ላይ እገላበጣለሁ እንጂ አልተኛም። ምን ላድርግ?

ከእንቅልፍ ኪኒን በፊት የሚሞከር፣ ውጤቱም የሚቆይ መንገድ አለ። ለ2 ሳምንት የተኙበትንና የነቁበትን ሰዓት በግምት ይጻፉ። ከምሽቱ 3 እስከ ጠዋት 12 ሰዓት አልጋ ላይ ሆነው የሚተኙት 6 ሰዓት ብቻ ከሆነ፣ የሚነሡበትን ሰዓት አንድ ያድርጉ። ለሱብሂ ወይም ለኪዳን 11 ሰዓት የሚነሣ ሰው ያንኑ ይያዝ። ከዚያ ወደኋላ 6 ሰዓት ቆጥረው ከምሽቱ 5 ሰዓት በፊት አልጋ ውስጥ አይግቡ። በሳምንቱ አልጋ ላይ ካሉበት ጊዜ 85 በመቶውን፣ ማለትም ከ5 ሰዓት በላይ፣ ከተኙ 15 ደቂቃ ቀድመው ይግቡ። እንዲህ እያሉ በየሳምንቱ ያስረዝሙት። አልጋ ውስጥ ከ5 ሰዓት በታች አያሳጥሩ።

እንቅልፍ እምቢ ካለ 20 ደቂቃ ያህል ቆይተው ይነሡ፤ ጋቢ ደርበው በደብዛዛ ብርሃን ይቀመጡ፣ ሲያንጎላጅዎ ይመለሱ። ስልክ አይክፈቱ። ቀን አይተኙ፤ ግድ ካልዎ ከቀኑ 9 ሰዓት በፊት 20 ደቂቃ ይበቃል። የመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት ይከብዳሉ፣ ብዙ ሰውም የሚተወው እዚያ ላይ ነው። የሚጥል በሽታ ወይም ባይፖላር ያለበት ሰው፣ እንዲሁም የሐረጎን ጠመዝማዛ የሚወጣ የሚወርድ ሾፌር ያለ ሐኪም ክትትል ይህን አይሞክር።

ባለቤቴ ታንኮራፋለህ፣ ትንፋሽህም ይቆማል ትለኛለች።

እሷ ያየችው ትልቅ መረጃ ስለሆነ ይዘዋት ወደ ሐኪም ይሂዱ። በእንቅልፍ ትንፋሽ መቆራረጥ ሌሊቱን ሙሉ ኦክስጅን ስለሚያወርድ የጉበትን ጠባሳ ያፋጥናል። አንገቱ ከ40 ሴንቲ ሜትር በላይ የሆነ፣ ጠዋት ራሱን የሚያመው፣ ቀን ቁጭ ባለበት የሚያንቀላፋ ሰው ይጠርጥር። ክብደት መቀነስ፣ በጎን መተኛትና አልኮል መተው ይረዳሉ። የእንቅልፍ ኪኒን ያባብሰዋል።

ምን ልብላ?

መጀመሪያ የሚቀነሰው ስኳር ነው። 3 ማንኪያ ስኳር ያለበት ሻይ በቀን 4 ጊዜ ቢጠጣ 50 ግራም ሊሞላ ምንም አይቀረውም፤ አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ብቻውን ከ30 ግራም በላይ ነው። የስኳሩ ግማሽ የሆነውን ፍሩክቶስ ጉበት በቀጥታ ወደ ስብ ይቀይረዋል። የአምባሰል ማርም ምንም ንጹሕ ቢሆን ለጉበት ስኳር ነው፤ ለመድኃኒት እየተባለ በማንኪያ መላስ አይጠቅምም። በየሳምንቱ ከሻይዎ ግማሽ ማንኪያ ይቀንሱ፤ ምላስ በአንድ ወር ይለምዳል።

እንጀራ አይከለከልም። የጤፍ፣ የማሽላ ወይም የገብስ ቢሆን ከ2 ወደ 1 ዝቅ አድርገው የጎደለውን በምስር፣ በባቄላ፣ በጎመንና በሰላጣ ይሙሉ። ወጥ ሲሠራ ለአንድ ሰው በቀን ከ2 ሾርባ ማንኪያ ዘይት አይብለጥ፤ የሚረጋውን ዘይት በፈሳሹ ይተኩ። ቂቤና ጭኮ ለበዓል ይቆዩ። ከሐይቅ የሚመጣው ቆሮሶ ዓሣ በጣም ጥሩ ነው፤ ሲጠበስ ግን ዘይት ውስጥ ከሚዋኝ ይልቅ በምጣድ ወይም በወጥ ይሁን። ራት ከመኝታ 3 ሰዓት በፊት ይበላ።

እጾማለሁ። ይጎዳኛል?

በረመዳን በቀን አንዴ የሚወሰደው መድኃኒት በኢፍጣር ወይም በሱሁር ይወሰዳል፤ ዶሉቴግራቪር እንቅልፍ የሚነሳዎ ከሆነ ሱሁር ይሻላል። የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ግን ረመዳን ከመግባቱ ሳምንታት በፊት ሐኪም ያማክሩ። በኢፍጣር 3 ተምር፣ ውሃና ሾርባ ይበቃል፤ ሳምቡሳው አንድ ይሁን። በኦርቶዶክስ ጾም ደግሞ ሥጋና ቂቤ ቢቀርም በዘይት የተጥለቀለቀ ሽሮ፣ ማካሮኒና ቦንቦሊኖ ከበዛ ጉበቱ አይጾምም። የታመመ ሰው ከንስሐ አባቱ ጋር ቢመካከር መልካም ነው።

ስንት ኪሎ ልቀንስ? ከሳሁ ብለው እንዳያሙኝ እፈራለሁ።

ፍርሃቱ የሚገባ ነው፤ ብዙ ሰው መወፈርን የጤና ማስረጃ አድርጎ ይይዘዋል። ቀስ ብለው ሲቀንሱ ግን ፊት አይገረጣም። 80 ኪሎ የሚመዝን ሰው 4 ኪሎ ቢቀንስ የጉበት ስቡ ይቀንሳል፤ ከ6 እስከ 8 ኪሎ ቢቀንስ ቁጣው ይበርዳል፣ ጠባሳውም ሊሻሻል ይችላል። በሳምንት ከግማሽ እስከ 1 ኪሎ ይበቃል። ከዚያ የፈጠነ ጉበቱን ሊያባብስና የሐሞት ጠጠር ሊያመጣ ይችላል። በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ብሎ መራመድ ክብደቱ ባይቀንስም የጉበት ስብን ይቀንሳል። ደሴ ላይ ዳገቱ ራሱ ስፖርት ነው፤ ኮምቦልቻ ግን ፀሐዩ ሳይበረታ ጠዋት ይራመዱ።

የትኞቹ መድኃኒቶች ጥንቃቄ ይፈልጋሉ?

ዶሉቴግራቪር የስኳር በሽታ መድኃኒት የሆነውን ሜትፎርሚንን በደም ውስጥ ከፍ ስለሚያደርግ ሜትፎርሚን በቀን ከ1000 ሚሊ ግራም አይበልጥም። ማግኒዥየምና አሉሚኒየም ያለው የጨጓራ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ዶሉቴግራቪርን ከእሱ 2 ሰዓት ቀድመው ወይም እሱን ከወሰዱ 6 ሰዓት ቆይተው ይውሰዱ። አይረንና ካልሲየም ከምግብ ጋር ከሆነ አብረው ይወሰዳሉ። ለኮሌስትሮል የሚሰጡ ስታቲኖች ለሰባ ጉበት አይከለከሉም፤ ከነሱ አንዱ የሆነው ሲምቫስታቲን ግን ከፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒቶቹ ከአታዛናቪር ወይም ከሎፒናቪር ጥምር ጋር ፈጽሞ አይሰጥም። የቲቢ መከላከያው አይሶናያዚድ ጉበት ሊቆጣ ስለሚችል የምግብ ፍላጎት ሲጠፋና ሽንት ሲጠቁር ወዲያው ይመለሱ። ጉበቱ የጠጠረ ወይም አልኮል የሚያዘወትር ሰው ፓራሲታሞልን በቀን ከ2 ግራም፣ ማለትም ከ4 ኪኒን አያሳልፍ፤ ዲያዜፓም የሚባለውን የማረጋጊያና የእንቅልፍ ኪኒን ከጎረቤት ተቀብሎ አይዋጥ።

ለወፍ በሽታ ተብሎ የሚሰጥ ሥር ቅጠል መጠኑና ይዘቱ ስለማይታወቅ ጉበት ለተነካ ሰው አደገኛ ነው። አታዛናቪር የሚወስድ ሰው ዓይኑ ቢጫ ቢሆን መድኃኒቱ ራሱ ያለ ጉዳት ሊያደርገው ይችላል፤ የደም ምርመራው ግን ይለየው።

አረቄ፣ ጠላና ጠጅን በተመለከተ፦ ጠባሳ ላለበት ሰው የሚፈቀድ መጠን የለም።

ድካሙና ሐዘኑ አልለቅ አለኝ። ይህም ከጉበት ነው?

ከጉበት፣ ከእንቅልፍ ማጣት፣ ከደም ማነስ፣ ከድባቴ ወይም ከሁሉም ሊሆን ይችላል። ላለፉት 2 ሳምንታት የሚወዱት ነገር ካላስደሰተዎ ወይም የመኖር ተስፋ ከቆረጡ ዛሬውኑ ለነርሷ ይንገሩ፤ ድባቴ ይታከማል። ሸክሙን የሚያቀል አንድ እውነትም ይያዙ፦ ቫይራል ሎዱ የማይታይ ደረጃ ላይ ደርሶ የቆየ፣ መድኃኒቱንም ሳያቋርጥ የሚወስድ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ቫይረሱን አያስተላልፍም። ይህን ለትዳር ጓደኛ በባለሙያ ፊት ማስረዳት የብዙ ሰው እንቅልፍ መልሷል።

መቼ ነው ቀጠሮ ሳልጠብቅ መሄድ ያለብኝ?

ዓይን ቢጫ ከሆነ፣ ሆድ ካበጠ፣ ደም ካስታወከ ወይም ሰገራ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ወዲያው ወደ ድንገተኛ ክፍል። ቤተሰብ ልብ የሚለው ሌላም ምልክት አለ፦ የጉበት ሕመምተኛው ቀን ሙሉ ተኝቶ ሌሊት ሙሉ የሚነቃ፣ ንግግሩ የሚዘባረቅ፣ እጁ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ጉበቱ ያላጠራው መርዝ አእምሮውን ነክቶታል ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ሰው የእንቅልፍ ኪኒን አይስጡት፤ በዚያው ሌሊት ሆስፒታል ያድርሱት፣ የሚወስዳቸውንም መድኃኒቶች በሙሉ በፌስታል ይዘው ለሐኪሙ ያሳዩ።